ኦንላይን የተዘረጋው የጉሬዛ ድልድይ

ሸምሰዲን አባቡልጉ ጅማ ተወልዶ፣ ጅማ ተምሮ፣ ጅማ ያገባ ሰው ነው። አባቱ ሂርማታ ገበያ አጠገብ በርጩማ እየጠረቡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ሰው የሚያከብራቸው ባለ እጅ ነበሩ። ሸምሰዲን ከእሳቸው የወረሰው ግን በርጩማውን እንጂ እጃቸውን አይደለም። ይቀመጥበታል፤ ተቀምጦም ይናገራል። የሠፈሩ ሰው ሲያመሰግነው «አፉ ማር ነው» ይላል፤ ሲያማው ደግሞ «ማሩ አፉ ላይ ቀረ» ይላል።

ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ተማሪው ሲመናመን ኮሌጁ ጂኦግራፊን አጠፈና «የማኅበረሰብ አገልግሎት አስተባባሪ» የሚል ማዕረግ ሰጥቶ ጠባብ ቢሮ ውስጥ አስቀመጠው። ምን እንደሚያስተባብር የነገረው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። በየሆቴሉ አዳራሽ ሥልጠና በተዘጋጀ ቁጥር ኮሌጁን ወክሎ የሚሄደው እሱ ሆነ። አመራር በለው፣ ሥርዓተ ምግብ በለው፣ ግጭት አፈታት በለው፣ ዶሮ እርባታ በለው፣ መጨረሻው ላይ ምስክር ወረቀት ይኑር እንጂ ሁሉም ይስማማዋል።

ሚስቱ ፈድሊያ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች። ምላሷ ከመቀሷ አይተናነስም። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ በመስታወት የተደረደሩትን ምስክር ወረቀቶች ቀና ብላ አየችና፣

«ይሄን ሁሉ ተምረህ ቤታችን አንዲት ዶሮ እንኳ የለችም» አለችው።

«እኔ የሠለጠንኩት ለማርባት ሳይሆን ለማሠልጠን ነው» አላት። ይህን ሲላት ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው «አረንጓዴ ዓይኖች» የሚባል ፕሮግራም ከአዲስ አበባ የመጣው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በአካባቢያቸው ካለ የዱር እንስሳ አንዱን መርጠው መኖሪያውን ያጠናሉ፣ የተበላሸውንም ይጠግናሉ፤ ከሁሉ የበለጠ የሠራ ትምህርት ቤትም ተወዳድሮ ዋንጫ ይሸለማል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በኢንተርኔት የሚመክር አንድ ምሁር ይመደባል። ምሁሩ «ሜንተር» ይባላል። ሸምሰዲን ቃሏን እንደሰማት ወደዳት። በዚያው ሳምንት የቴሌግራም ስሙን «ሜንተር ሸምሰዲን» ብሎ ቀየረ።

ለእሱ የደረሰው የሸቤ ትምህርት ቤት ነው። ሸቤ ከጅማ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማትርቅ የቡና ከተማ ናት፤ ጠዋት ሄዶ ምሳን እቤት መብላት ይቻላል።

«ሸቤ ናት እንዴ?» አለች ፈድሊያ። «ታዲያ ሄደህ አታያቸውም?»

«ፕሮግራሙ ኦንላይን ነው።»

«መኪና ተከልክሏል?»

«ፈድሊያ፣ ሜንተር በአካል ከሄደ እኮ መምህር ሆነ ማለት ነው!»

ይህን ካለ በኋላ ማን ይከራከረዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሸምሰዲን ክራቫት አሥሮ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ከኋላው ያለውን የቢሮ ግድግዳ ኮምፒውተሩ በሚሰጠው የደን ሥዕል ሸፈነው፤ በደኑ መሐል አንድ ባለ መስመር ነብር ተጋድሟል። ሸቤ ደግሞ የሳይንስ መምህርቷ ሲሃም የገዛ ስልኳን በመጻሕፍት ክምር ላይ ደግፋ አቁማዋለች። ክፍሉ ሙሉ ተማሪ በዚያች መዳፍ በምታክል ስክሪን ላይ ተደፍቷል። ሸምሰዲን ስለ ብዝኃ ሕይወት መናገር ጀመረ። ጥሩ ተናገረ። ችግሩ ኔትወርኩ ነው፤ «የተፈጥሮ ሚዛን» ሲል ቀጥ አለና አፉ እንደተከፈተ፣ አንድ ዓይኑ እንደተጨፈነ ፊቱ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ኢርፋን የሚባለው፣ ስልክ እንደ ባላገር በሬ የሚታዘዝለት የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ ያቺን መልክ አነሣት። በማግስቱ የሸምሰዲን የተከፈተ አፍ የቴሌግራም ስቲከር ሆኖ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ዞረ።

ኔትወርኩ ሲመለስ አንዲት ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጅ እጇን አወጣች። ዩምና ትባላለች። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ የምትናገር፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ የማትቀመጥ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ እኛ ጉሬዛ መርጠናል።»

«ጉሬዛ?» አለ ሸምሰዲን። «ጉሬዛ ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ... አንበሳ የለም እዚያ?»

«የለም።»

«ድሮም አልነበረም?»

«ቲቸር፣ ጉሬዛዎቹ እየሞቱ ነው» አለች ዩምና።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የቡና ጥላ የሆኑ ትልልቅ ዛፎች አሉ። ከመንገዱ ማዶ፣ ወንዙ ዳር፣ ሌላ ደን አለ። ቀድሞ የሁለቱ ወገን ቅርንጫፎች ከመንገዱ በላይ ተቃቅፈው ስለነበር ጉሬዛዎቹ መሬት ሳይረግጡ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሱ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ የዳር ዳሩ ዛፍ ተቆረጠ። አሁን መሻገር ሲያምራቸው ወርደው አስፋልቱን ማቋረጥ ግድ ሆነባቸው፤ ውሻ ያባርራቸዋል፣ መኪና ይገጫቸዋል። ዩምና ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዲት እናት ጉሬዛ አይሱዙ ገጭቷት መንገዱ ዳር ወድቃ አይታለች። ግልገሏ ገና አልጠቆረም፤ ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው። እንደ ጥጥ የነጣው ግልገል የሞተች እናቱን ደረት ይዞ ነበር። ልጆቹ ራቅ ብለው ቆሙ። ሌላ ሴት ጉሬዛ ከዛፉ ወረደች፤ ግልገሉን ፈልቅቃ ወስዳ ወጣች። ዩምና ይህን ሁሉ ለስክሪኑ ተናገረች። ነገሩ ሸምሰዲንን ነካው። መጥፎ ሰው አይደለም።

«ስለዚህ» አለች ዩምና፣ «ከዛፍ ወደ ዛፍ ገመድ ብንወጥርላቸውስ? በገመዱ ይሻገራሉ።»

«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ ሸምሰዲን። «ግን አንቸኩል። ቅድሚያ ራዕይ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ሁሉ በራዕይ አለቁ። በየሳምንቱ ሲሃም ስልኳን በመጻሕፍቱ ላይ ታቆማለች፤ ሸምሰዲን ነብሩን ከጀርባው አድርጎ ይቀመጣል። አንድ ሳምንት ራዕይ፣ ቀጥሎ ተልዕኮ፣ ቀጥሎ እሴት፣ ቀጥሎ ባለድርሻ አካላት። ልጆቹ «ባለድርሻ አካላት እነማን ናቸው?» ሲባሉ ኢርፋን «ጉሬዛዎቹ» ብሎ መለሰ፤ ሸምሰዲን ግን «አይ፣ ባለድርሻ አካል ስብሰባ የሚጠራ ነው» አለው። ዩምና በየጊዜው እጇን እያወጣች «ቲቸር፣ ገመዱስ?» ትላለች። «እሱ ትግበራ ነው፤ ትግበራ መጨረሻ ነው የሚመጣው» ይላታል። ሲሃም ደግሞ «ጋሽ ሸምሱ፣ አንድ ቀን ብቅ ቢሉና ዛፎቹን ቢያዩልን» ብላ ለመነችው። እሱም ኢንሻአላህ አለ። በአንዱ ሳምንት ስብሰባ ነበረበት፣ በሌላው ዝናብ፣ በሌላው ራሱን አመመው። ነገሩን ልንገራችሁ? መንገዱ አልነበረም የከበደው። ሄዶ ቆሞ «ገመዱን የት እንሰረው?» ቢሉት መልስ አልነበረውም። ስክሪን ላይ ግን መልስ ያጣ ሰው «ድምፃችሁ ይቆራረጣል» ማለት ይችላል።

ልጅ ደግሞ ፈጣን ነው። ቀስ በቀስ አፋቸው ተፈታ። በዕረፍት ሰዓት ኳስ ሲከፋፈሉ «በቅንጅታዊ አሠራር» መባባል ጀመሩ። አንዱ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲቀር ለሲሃም «አቅጣጫ አስቀምጫለሁ» አላት። ሲሃም ሳቀች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ሳቁ ጠፋባት።

የውድድሩ ማስረከቢያ ሲደርስ ፕሮግራሙ የሥራውን ፎቶ ጠየቀ። ሸምሰዲን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከ። «ልጆች፣ ድልድዩን እንደ ተጠናቀቀ አድርጋችሁ አቅርቡት። ራዕይ ማለት ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ማየት ነው።» ልጆቹ ደጋግመው ሰሙት፤ ተያዩ። ከዚያ ኢርፋን ስልኩን አነሣ። የመንገዱን ፎቶ ከፈተ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ገመድ ሳለበት፣ ገመዱ ላይ ከኢንተርኔት የቀዳትን ጉሬዛ አስቀመጠ። ጥሩ ሠርቶታል፤ የገመዱን ጥላ ሳይቀር አስፋልቱ ላይ ጣል አድርጎበታል። ሸምሰዲን ፎቶው ሲደርሰው «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ብሎ ጻፈና ሳያጎላ፣ ሳይጠይቅ ወደ አዲስ አበባ አሳለፈው።

ሸቤ አሸነፈች።

የፕሮግራሙ ኃላፊ አቶ አብሳሎም ከአዲስ አበባ ደውሎ «ዶክተር ሸምሰዲን፣ እንኳን ደስ አለዎ!» አለው። ሸምሰዲን ዶክተር አይደለም፤ ግን በደስታ ቀን ሰውን ማረም ነውር ነው ብሎ ዝም አለ። አቶ አብሳሎም ከካሜራ ባለሙያ ጋር መጥቶ ድልድዩን እንደሚያስቀርጽ፣ ዋንጫውንም እዚያው እንደሚሰጥ ነገረው።

በቀጠሮው ቀን ሸምሰዲን ገና በጠዋቱ ሱፉን ለበሰ፣ ሽቶ ተቀባ፣ የኮምፒውተር ቦርሳውን በትከሻው አንጠለጠለ።

«ሐጅ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለችው ፈድሊያ።

«እንግዶቹ ሳይደርሱ ቀድሜ ልጆቹን ላበረታታ ብዬ ነው።»

«ዛሬ መምህር መሆንህ ነዋ!»

ሸቤ ሲደርስ ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈው ጠበቁት። ከስክሪኑ አጥሮ ስላገኙት ትንሽ ግራ ገባቸው። ሲሃም በአክብሮት ተቀበለችው። ሸምሰዲን እጁን አፋተገና «እስቲ ወደ ድልድዩ ውሰዱኝ» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሲሃም ዩምናን አየች፤ ዩምና መሬቱን አየች። ሸምሰዲን ራሱ ወደ መንገዱ ወጣና ቀና አለ። ወዲህ ዛፍ፣ ወዲያ ዛፍ፣ በመሐላቸው ሰማይ። ሌላ ምንም የለም።

«ድልድዩ የት አለ?»

«ኦንላይን ነው» አለች ዩምና።

«ምን ማለትሽ ነው ኦንላይን ነው?»

«እርስዎም ኦንላይን ነበሩ፤ እሱም ኦንላይን ነው።»

«እና ዋሻችሁኝ?» አለ ሸምሰዲን፤ ድምፁ ቀጠነ።

«ወላሂ አልዋሸንም፣ ቲቸር። እንደ ተጠናቀቀ አድርጋችሁ አቅርቡ አሉን፤ አቀረብን።» ኢርፋን ይህን ካለ በኋላ ማስረጃ ይሆን ዘንድ የድምፅ መልእክቱን ከስልኩ ከፈተው። የሸምሰዲን የማር ድምፅ «ራዕይ ማለት ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ማየት ነው» እያለ በሸቤ መንገድ ላይ ተሰማ።

ሸምሰዲን ሲሃምን ዞሮ «አንቺስ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አላት።

«እኔማ የሚያውቁ መስሎኝ ነው» አለች። «እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል ብዬ ነው።»

ስልኩ ጮኸ። አቶ አብሳሎም ነው፤ ከጅማ ተነሥተዋል፣ እየመጡ ነው።

ከዚህ በኋላ ሸምሰዲን በዕድሜው ያልሠራውን ሠራ፤ ሮጠ። በሱፉ ገበያው ድረስ ሮጦ፣ የቡና ጆንያ ሲጫን መኪና ላይ የሚታሰርበትን ወፍራም ገመድ አንድ ጥቅል ገዝቶ በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ። ሲሃም ደግሞ ዛፍ ላይ ቀፎ በመስቀል የሚተዳደረውን ዳባን ከቁርሱ አስነሥታ አመጣችው። ዳባ ዛፎቹን አየ፣ ሱፉን አየ፣ «ኦቦ ሸምሰዲን፣ ይሄ ለምንድን ነው?» አለ።

«ለጉሬዛ ነው።»

«ጉሬዛ ጠይቆ ነው?»

«ማሎ ዳባ፣ እባክህ፣ በአላህ፣ ውጣ!»

«ቶሌ፣ ቶሌ» አለና ዳባ ወጣ። ዛፍ ሲወጣ ቀልጣፋ ነው፤ ቋጠሮው ላይ ግን ቁርሱ ሳያልቅ ተጠርቶ ስለነበር ቸኮለ። በትምህርት ቤቱ ወገን ያለውን ጫፍ አሰረና ወርዶ፣ ሌላውን ጫፍ እየጎተተ አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ያለውን ዛፍ መውጣት ጀመረ። ገመዱ እስኪሳብ ድረስ መንገዱ ላይ ተጋድሟል። ስለዚህ መኪና ማስቆም ያስፈልግ ነበር። ሸምሰዲን ከነክራቫቱ አስፋልቱ መሐል ገብቶ ሁለት እጁን ዘረጋ።

ጫት የጫነ አይሱዙ ጎማው እየጮኸ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ማል ታቴ! ምን ሆነሃል! ትራፊክ ነህ እንዴ አንተ?»

«ሜንተር ነኝ!» አለ ሸምሰዲን።

«ታዲያ ዳር ይዘህ ሜንተር ሁን! ጫቱ ይጠወልግብኛል!»

አልተንቀሳቀሰም። ላቡ በጆሮው ላይ እየወረደ፣ እጁን እንደ ዘረጋ ቆመ። ልጆቹ ከዳር ሆነው አዩት፤ ማንም አልሳቀም። ዩምና ሳትቀር ሮጣ አጠገቡ ቆማ እጇን ዘረጋች። ለዚያች ጥቂት ጊዜ፣ እውነት ለመናገር፣ ሸምሰዲን አማካሪ ይመስል ነበር።

ይህ መልካም ነገር የቆየው ነጩ ላንድክሩዘር በኩርባው እስኪወጣ ድረስ ነው። በሩ ላይ ትልልቅ አረንጓዴ ዓይኖች ተስለውበታል። ሸምሰዲን እንግዳው መምጣቱን ሲያውቅ የዘረጋውን እጁን አጠፈና ክራቫቱን አቃና፣ ፈገግ አለ፣ እጁን ለሰላምታ አወዛወዘ። የላንድክሩዘሩ ሾፌር የተቀበሉት መስሎት አላቆመም። ገመዱ በዚያ ሰዓት ከመሬት ተነሥቶ ገና ከሰው ቁመት በላይ ከፍ እንዳለ ነበር። የመኪናው ረጅም አንቴና ገመዱን አጠመደው፤ ገመዱ ተወጠረ፤ በትምህርት ቤቱ ወገን የዳባ ቋጠሮ ተፈታና ገመዱ በሙሉ ላንድክሩዘሩ ላይ ተጠመጠመበት። ማዶ ዛፉ ላይ ያለው ዳባ በኦሮምኛ የጮኸውን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

አቶ አብሳሎም ወረደ። ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ የለበሰ፣ ቁመተ ሎጋ ሰው ነው። አንቴናውን አየ፣ ገመዱን አየ። «ዶክተር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ሸምሰዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «እንኳን ደህና መጡ። እ... የዓመቱ ጥገና ላይ ደርሳችሁ ነው።»

«ጥገና አይደለም» አለች ዩምና። «ድልድዩ አልነበረም። ዛሬ ነው የምንሠራው። ፎቶው ኤዲት ነው።»

ሸምሰዲን ዓይኑን ጨፈነ። አለቀልኝ ብሎ አሰበ፤ ጋዜጣ ታየው፣ ኮሌጁ ታየው፣ ከሁሉ ይበልጥ ፈድሊያ ታየችው። ዓይኑን ሲገልጥ ግን አቶ አብሳሎም ጎንበስ ብሎ የዩምናን ትከሻ ነካ ነካ እያደረገ ነበር።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ። ስምሽ ማነው? ዩምና። ዩምናዬ፣ እኛም ከኋላችን ሪፖርት የሚጠብቅ አለብን። ካሜራው ሲበራ ‘ጥገና’ በይ፣ እሺ?» ከዚያ ቀና ብሎ ለካሜራ ባለሙያው፣ «ልጆቹ ገመድ ሲጎትቱ ቅረጸው፤ ‘ማኅበረሰቡ በራሱ ሲጠግን’ እንለዋለን። እንዲያውም ካሰብነው በላይ ነው» አለ።

ሸምሰዲን ዳነ። ያን ጊዜ የተሰማውን ለፈድሊያ እንኳ አልነገራትም፤ እኔ የሰማሁት ከሲሃም ነው። ፊቱ የዳነ ሰው ፊት አልነበረም አለች፤ ጥፋቱን የሚቆጣለት እንኳ ያጣ ሰው ፊት ነበር።

ገመዱ ተፈታ፣ ዳባ ተለመነ፣ ድልድዩ ተሰቀለ። ካሜራው በራ። አቶ አብሳሎም ዋንጫውን ለሸምሰዲን አስጨበጠና «ከተማሪዎቹ አንዱ ስለ አማካሪያቸው ይናገር» አለ። ዩምና ወጣች። ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ልክ እንደ እሱ።

«እ... ክቡራን እንግዶቻችን። ድልድይ ስንል ገመድ ማለታችን አይደለም፤ ቅድሚያ ራዕይ ማለታችን ነው። ዘላቂነት ስንል ደግሞ ዘላቂ የሆነ ማለታችን ነው። ባለድርሻ አካላት በቅንጅታዊ አሠራር ተቀናጅተው ስላቀናጁን እናመሰግናለን። ጉሬዛዎቹም ይህንኑ አቅጣጫ ያስቀምጣሉ ብለን እናምናለን። ድምፃችሁ ይቆራረጣል።»

ፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም። አቶ አብሳሎም ቆሞ አጨበጨበ፤ «በሰባተኛ ክፍል እንዲህ ያለ ንግግር!» አለ። ልጆቹ ጉንጫቸውን ነክሰው አጨበጨቡ። ሲሃም ወደ ዛፉ ዞረች። ሸምሰዲን ዋንጫውን እንደ ታቀፈ ቆሞ ቀረ። የራሱን ንግግር በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነበር።

በሚኒባስ ሲመለስ ከጎኑ የተቀመጡ አዛውንት «ዋንጫው የምንድን ነው ልጄ?» ቢሉት «የጉሬዛ» አላቸው። «ኳስ ይጫወታል እንዴ?» አሉት።

ተለወጠ እንድል ትጠብቁ ይሆናል። ለጥቂት ሳምንታት ሥልጠና አልሄደም። ከዚያ አቶ አብሳሎም ደወለና የሌሎች ወረዳዎችን ሜንተሮች «ከርቀት የማማከር ጥበብ» በሚል ርዕስ እንዲያሠለጥን ጠየቀው፤ ሸምሰዲንም ሱፉን አስተኮሰ። ሸቤ ለማስተማሪያ የምትቀርብ ምሳሌ ሆነች። የኢርፋን ፎቶ ስላይድ ላይ ወጣ፤ ከሥሩ «ጉሬዛዎቹ በየዕለቱ ሲሻገሩ» የሚል ተጻፈበት።

ጉሬዛዎቹ ግን አልተሻገሩም። ገመዱ ከተሰቀለ በኋላ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዩታል፤ አይነኩትም። ክረምት ገባ። ዩምናና ጓደኞቿ አንድ ገመድ ይወዛወዛል ብለው ሁለተኛ ጨመሩበት፣ በመሐሉ እንጨት አጋደሙበት፤ ዳባም እያጉረመረመ ሰቀለላቸው። ይህን ሲያደርጉ ስብሰባ አልነበረም፤ ሸምሰዲንንም አልነገሩትም። የፕሮግራሙ ጊዜ አልቆ ስለነበር ጫካው ዳር የሚጮህ፣ ፎቶ የሚያነሣም አልነበረም።

ዓመት ካለፈ በኋላ ሸምሰዲን ደዶ ወረዳ ውስጥ በሥልጠና መሐል ሳለ ስልኩ ነዘረ። ሲሃም ናት። «ጋሽ ሸምሱ፣ ዛሬ ጠዋት ተሻገሩ። ዩምና ከወፍጮ ቤት ስትመለስ አይታቸዋለች። አንዷ ነጭ ግልገል ይዛ ነበር።»

ሸምሰዲን «ፎቶ አለ?» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ደነገጠና አጠፋው፤ ግን ሲሃም አይታዋለች። «የለም» አለችው።

እውነቴን ነው፣ ደስ አለው። ነጩን ግልገል አስታወሰ፤ መንገዱ መሐል እጁን ዘርግቶ የቆመበትን ሰዓት አስታወሰ። ፊቱን ወደ ሠልጣኞቹ መለሰ፤ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ሠልጣኞቹ ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁት። ከኋላው ግድግዳው ላይ ፎቶው በትልቁ በርቷል፤ «በየዕለቱ ሲሻገሩ» ይላል። ዓመት ሙሉ ሲሻገሩ የኖሩ ጉሬዛዎችን ዛሬ ተሻገሩ ብሎ እንዴት ይንገራቸው? አፉን ዘጋ። ውሃ ጠጣ። ከዚያም «ባለድርሻ አካላት» ወደሚለው ስላይድ አለፈ።